በጣት ጠቁሞ መብላት

ከፊሊፒንስ የተመለሱ ተማሪዎች ስለ ምን ይጽፋሉ ቢባል ስለ ስብሰባው ይጽፋሉ ተብሎ ይገመት ይሆናል። የስብሰባው ሪፖርት ግን ለማኅበራችን ጽሕፈት ቤት በጊዜው ቀርቧል። ሊያነበው የሚሻ ቢኖር መዝገብ ቤት ገብቶ መጠየቅ ይችላል፤ እስከ ዛሬ ድረስ ግን አንድም ጠያቂ እንዳልመጣ ተነግሮናል። እኛም በዚህ ቅር አልተሰኘንም፤ የስብሰባ ውሳኔ በየአገሩ አንድ ዓይነት ነውና። ምግብ ግን በየአገሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ስለዚህ በማኒላና በአካባቢዋ ባሉት ትንንሽ ምግብ ቤቶች ያየነውንና የሰማነውን ለመግለጽ እንሞክራለን። አንባቢም ስለ ሆድ ብቻ የምናወራ መስሎት ገጹን እንዳይገለብጠው አደራ እንላለን።

የሄድነው ሦስት ነበርን፤ አንዱ ከአርትስ ፋኩልቲ፣ አንዱ ከሕግ፣ አንዱ ከሳይንስ። ሁለታችን የተዋሕዶ ልጆች ስንሆን ሦስተኛው ጓደኛችን ሙስሊም ነው። በስንቱ ነገር ስንከራከር የምንውል ሰዎች በአንድ ጉዳይ ግን ፍጹም አንድ ሐሳብ ነን፤ ይኸውም ሦስታችንም አሳማ አንበላም። ይኸ ስምምነት አገር ቤት ሳሉ ምንም ዋጋ ያለው አይመስልም፤ ፊሊፒንስ ሲደርሱ ግን ትልቅ ጉዳይ ሆኖ ይገኛል።

ማደሪያችን የፊሊፒንስ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ ባለበት በዲሊማን፣ ኬሶን ሲቲ ውስጥ ነበር። ወሩ ሐምሌ ስለ ነበረ የእነርሱም ክረምት ነው፤ ዝናቡም የእኛን ያስንቃል። አስተናጋጆቻችን መኝታና ቁርስ ቢችሉንም ምሳና ራት ከኪሳችን ነበር። የተማሪ ኪስ ወዴት እንደሚመራ ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እኛን የመራን «ካሪንደሪያ» ወደሚባሉት ቤቶች ነው።

ካሪንደሪያ ማለት በየመንገዱ ዳር ያለ ትንሽ ምግብ ቤት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ክዳኑ ቆርቆሮ፣ ወንበሩ ፕላስቲክ ወይም አግዳሚ ነው። በር ላይ ድስቶቹና ሳህኖቹ በመስተዋት ኋላ ተደርድረው ይታያሉ። የምግብ ዝርዝር የሚባል ወረቀት አይጠየቅም። ተመጋቢው ከድስቶቹ ፊት ቆሞ ያማረውን በጣቱ ይጠቁማል፤ ባለቤትዋም ጨልፋ ትሰጠዋለች። ስለዚህ ለእነዚህ ቤቶች ሌላ ስም ወጥቶላቸዋል፤ «ቱሮ-ቱሮ» ይባላሉ። በአገሩ ቋንቋ «ቱሮ» መጠቆም ማለት ስለ ሆነ ስሙን «ጠቁም-ጠቁም» ብለን ብንተረጉመው ስሕተት አይሆንም።

እኛ ይኸን ልማድ እጅግ ወደድነው። በከተማችን ካሉት ከፍ ያሉ ምግብ ቤቶች በአንዳንዶቹ ተማሪ ሲገባ ምን እንደሚሆን ይታወቃል። በባዕድ ቋንቋ የተጻፈው ዝርዝር ይቀርብለታል፤ እርሱም የገባው መስሎ ራሱን ይነቀንቃል፤ በመጨረሻም ዓይኑን ከስሙ ላይ ሳይሆን ከዋጋው ላይ አድርጎ ያዛል። በቱሮ-ቱሮ ግን የሚደበቅ ነገር የለም። ድስቱም ይታያል፣ ሩዙም በስኒ ይሰፈራል። ገንዘብ ያነሰው ግማሽ ስኒ ሩዝ ቢያዝ ማንም ቀና ብሎ አያየውም። ከሩዙም ጋር ብዙ ጊዜ ትኩስ መረቅ ያለ ዋጋ ይጨመርለታል። በምሳ ሰዓት ሾፌሩና ተማሪው፣ የቢሮ ጸሐፊዋና ግንበኛው በአንድ አግዳሚ ላይ ትከሻ ለትከሻ ተገጣጥመው ሲበሉ አይተናል።

የቋንቋ ተማሪ ነገር ሆኖብን ከምግቡ አስቀድሞ የያዘን ቃሉ ነበር። ሩዝ በእነርሱ ዘንድ አንድ ስም የለውም፤ በማሳ ላይና ሳይፈተግ «ፓላይ»፣ ሲፈተግ «ቢጋስ»፣ ሲበስል «ካኒን» ይባላል። ካኒን የሚለው ቃል «ካይን» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ካይን መብላት ማለት ሲሆን ካኒንም የሚበላ ነገር እንደ ማለት ነው። ከሩዝ ጋር የሚቀርበው ሌላው ሁሉ ደግሞ «ኡላም» ይባላል። ፊሊፒናውያን ጓደኞቻችን ይኸን ቃል በእንግሊዝኛ ሊያስረዱን ብዙ ደከሙ። እኛ ግን ወዲያው «ወጥ ነው!» ብለን ተረዳነው። እንጀራ ለሚያውቅ ሰው የካኒንና የኡላም ነገር ምንም ትርጓሜ አያሻውም።

እንጀራን ካነሣን ዘንድ አንድ ነገር እንጨምር። እኛ ሥራ ፍለጋ የወጣውን ሰው «እንጀራ ፍለጋ ሄደ» እንላለን። እነርሱም መተዳደሪያን «ሃናፕቡሃይ» ይሉታል፤ «ሃናፕ» መፈለግ፣ «ቡሃይ» ሕይወት ነው። የእኛው ሰው እንጀራ ሲፈልግ የእነርሱ ሰው ሕይወት ይፈልጋል ማለት ነው። ሁለቱ ፈላጊዎች የት እንደሚገናኙ ወደ ኋላ እንደርስበታለን።

አሁን ወደ ድስቶቹ እንመለስ። የመጀመሪያው «አዶቦ» ነው፤ ዶሮ ወይም የአሳማ ሥጋ በአቼቶ፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቁንዶ በርበሬና በአኩሪ አተር ስጎ ተቀቅሎ የሚሠራ ወጥ ነው። ስሙን የሰጡት በ1571 ማኒላን ይዘው እስከ 1898 ድረስ የገዙት ስፔኖች ናቸው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)፤ ሥጋን በኮምጣጣ ነገር ማብሰል ግን የአገሬው የራሱ ጥበብ ነው። በዚያ ሙቀት ኮምጣጤ ምግብን ከመበላሸት ያቆያል። ሁለተኛው «ሲኒጋንግ» የሚባለው ኮምጣጣ ሾርባ ነው፤ ዓሣ ወይም ሥጋ ከአትክልት ጋር ሆኖ፣ በሐረር በኩል ሑመር በምንለው ፍሬ ወይም በጥሬ ማንጎ ይኮመጥጣል። በእንጀራ ያደገ ምላስ ኮምጣጣ አይፈራምና ከሁሉ አስቀድሞ የተስማማን እርሱ ነበር። ሦስተኛው «ካሬ-ካሬ» ነው፤ የበሬ ጭራ በለውዝ መረቅ የተሠራ ሲሆን አጠገቡ በጨው ከተብላላ ጥቃቅን ሽሪምፕ የተዘጋጀ «ባጎኦንግ» የሚባል ማባያ ይቀመጣል። ሽታውን ለመልመድ ሦስት ቀን ፈጅቶብናል። የዳክዬ ጫጩት በውስጡ ማደግ የጀመረበትን «ባሉት» የተባለውን እንቁላል ግን እስከ መጨረሻው በሩቁ ሰላም እያልን አልፈነዋል።

በየገበታው ላይ «ሳውሳዋን» የሚባሉ ማጥቀሻዎች አሉ፤ አቼቶ፣ የአኩሪ አተር ስጎ፣ ከዓሣ የሚወጣ ጨዋማ ፈሳሽ፣ ካላማንሲ የምትባለው ትንሽ ሎሚ፣ ሚጥሚጣ የመሰለች ቃሪያ። ተመጋቢው እነዚህን እንደ ወደደ ቀላቅሎ ምግቡን በራሱ ምላስ ልክ ያስተካክላል። በአቴኔዮ ዴ ማኒላ ዩኒቨርሲቲ ያስተምሩ የነበሩትና ስለ አገራቸው ምግብ የጻፉት ዶሪን ፈርናንዴዝ (1934–2002) ይኸን ልማድ አስተውለው፣ በፊሊፒንስ ዘንድ ምግቡን የምትፈጽመው ባለሙያዋ ብቻ ሳትሆን በላተኛውም ጭምር መሆኑን አስረድተዋል። ወጥ ላይ ጨው ቢጨመርባት የምትቆጣውን የአገራችንን ባለሙያ ስናስብ ይኸ ትዕግሥት አስደንቆናል።

ከዚህም በላይ ያስደነቀን የመጠራሪያቸው ነገር ነው። በምግብ ቤት አስተናጋጅን በፉጨት ወይም በጭብጨባ መጥራት አላየንም። ወጣቷ «አቴ» ትባላለች፤ ታላቅ እኅት ማለት ነው። ወንዱ «ኩያ» ነው፤ ታላቅ ወንድም። ለእናት እኩያ የሆነችው «ናናይ» ትባላለች። እኛም እትዬ፣ ጋሼ፣ እማማ እያልን ያደግን ስለ ሆነ ይኸን ለመልመድ ግማሽ ቀን አልፈጀብንም። በዓረፍተ ነገራቸው መካከል ጣል የሚያደርጓት «ፖ» የምትባል ቃልም አለች፤ የእነርሱ አንቱታ መሆኗ ነው። እንዲሁም ማዕድ ላይ ያለ ሰው መንገደኛውን ሲያይ «ካይን ታዮ» ይለዋል። ፍቺው ምንም ሳይጨመርና ሳይቀነስ «እንብላ» ነው። መንገደኛውም እንደ አገራችን ጠግቤያለሁ ብሎ አመስግኖ ማለፍ ይችላል።

የበርበሬ ናፍቆት ግን አስቸገረን። የፊሊፒንስ ምግብ በአብዛኛው አያቃጥልም። በዚህ ጊዜ መፍትሔ ያገኘልን ሙስሊሙ ጓደኛችን ነው። ዓርብ ለጁምዓ ኪያፖ በሚባለው የማኒላ ሰፈር ወደሚገኘው፣ በ1976 ወደ ተሠራው ወርቃማ መስጊድ ሄዶ ሲመለስ ፊቱ በርቶ አየነው። በማግሥቱ ይዞን ሄደ። በመስጊዱ ዙሪያ ከሚንዳናው ደሴት የመጡ የማራናው ሕዝብ ሙስሊሞች የሚያበስሉባቸው ትንንሽ ቤቶች አሉ። እዚያም «ፓላፓ» የሚባል፣ ከቀጭን የሽንኩርት ዘር፣ ከዝንጅብልና ከቃሪያ የሚወቀጥ ማጣፈጫ ቀረበልን። እውነት እንናገር ከተባለ ዳጣን ያስታውሳል። ለእርሱ ዶሮው ሐላል ሆነለት፤ ለእኛ ደግሞ ከንፈራችን ተቃጠለልን፤ ሁላችንም ደስ ብሎን ተመለስን።

ይኸ ሁሉ ከመሆኑ አንድ ቀን በፊት፣ ሙስሊሙ ጓደኛችን ወደ መስጊድ ሊሄድ ሲሰናዳ፣ ሦስታችንም ከማደሪያችን አጠገብ ካለች አንዲት ካሪንደሪያ ቁመን ነበር። የሆነውን ሳናሳምር እንናገር።

ባለቤትዋ ሃምሳ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው፤ ተመጋቢው ሁሉ ናናይ ይላቸዋል። እኛ አንዱን ድስት እየጠቆምን «አሳማ አለው?» ስንል «አለው»፣ ሁለተኛውን ስንጠቁም «አለው»፣ ሦስተኛው አትክልት ብቻ ይመስል ነበርና በተስፋ ስንጠይቅ እርሱም «ትንሽ አለው» ተባልን። ሴትዮዋ ጭልፋቸውን አስቀምጠው አንድ ጊዜ ትኩር ብለው አዩንና «ሐበሻ?» አሉን። በዚያ አገር በቆየንበት ጊዜ ሁሉ ማን እንደ ሆንን ሳይነገረው ያወቀን ሰው አልነበረም። ገና አፋችንን ሳንከፍት ጣታቸውን እያጠፉ ቆጠሩ፤ «ዛሬ ዓርብ ነው። ሥጋ የለም፤ እንቁላል የለም፤ ወተት የለም። አይደለም?» ሙስሊሙ ጓደኛችን «እኔን አይመለከትም» ብሎ ሳቀ። እኛ ሁለታችን ግን ለመሳቅ አልቻልንም።

ታሪካቸውን ያጫወቱን ከሰዓት በኋላ ቤቱ ጭር ሲል ነው። በአንድ የዓረብ አገር ከተማ አሥራ አንድ ዓመት ሠርተዋል። መጀመሪያ በሰው ቤት ተቀጥረው ሲያገለግሉ አብራቸው የምትሠራ አንዲት ኢትዮጵያዊት ነበረች፤ አንድ ክፍል ውስጥ ያድሩ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም እንደማትቀምስ፣ ከዚያም ደረቅ ዳቦ በምስር እንደምትበላ፣ አሠሪዋ ታመመች ብላ እንዳትመልሳት ጾሟን እንደምትደብቅ ያወቁት በዚያ ነው። ኋላም ናናይ ከዚያ ቤት ወጥተው የአገራቸው ሰዎች በሚበሉበት ትንሽ ምግብ ቤት ወጥ ሠሪ ሆኑ። በፓምፓንጋ አውራጃ ከአሳማ ጭንቅላት ተከትፎ በጋለ ብረት ላይ የሚቀርበው «ሲሲግ» በዚያ አገር ሕግ ምክንያት በዶሮ ይሠራ ነበር። በዕረፍት ቀን የእኛዎቹ እኅቶች ከፊሊፒናውያኑ ጋር ተከትለው ይመጡና ያለ ሥጋት ይበሉ ነበር። «ሲሲግን ያለ አሳማ መሥራት የተማርኩት ለዓረቦች ነው፤ የሚያመሰግኑኝ ግን ሐበሾች ነበሩ» አሉን።

የዚያችን ልጅ ስምም ነገሩን። የሰው ስም ስለ ሆነ እዚህ አንጽፈውም። ከወሎ መሆኗን ያስታውሳሉ። «ታውቋታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። ወሎ ሰፊ አገር ነው አልናቸው። ይኸ መልስ እርሳቸውንም እኛንም ደስ አላሰኘንም።

በፊሊፒንስ ካቶሊኮች ዘንድም ዓርብ ከሥጋ የሚታቀቡበት ቀን ስለ ነበረ፣ በብዙ ካሪንደሪያዎች እስከ ዛሬ ድረስ ዓርብ «ሞንጎ» ይሠራል። ሞንጎ ማለት በሰሜን ሸዋና በወሎ ቆላ የሚበቅለው የእኛው ማሾ ነው። በነጭ ሽንኩርትና በቲማቲም ተቁላልቶ «ማሉንጋይ» ይጨመርበታል፤ እርሱም የሽፈራው ዘመድ የሆነ ቅጠል ነው። ብዙ ጊዜ ግን ሽሪምፕ ወይም የአሳማ ቆዳ ጥብስ አይጠፋበትም። ናናይ ያ ከመግባቱ በፊት ለእኛ በትንሽ ድስት ለይተው አስቀመጡልን። በሚቀጥለውም ሳምንት ሳንጠይቅ ረቡዕና ዓርብ ድስቷ ተለይታ ጠበቀችን። እንጀራ ቢኖር ኖሮ የት እንዳለን እንረሳ ነበር።

በስብሰባው አዳራሽ እኛ ለአገራችን ማስተዋወቂያ የሚሆን ጠረጴዛ ተሰጥቶን ነበር። የላሊበላን ሥዕል፣ የአክሱምን ሐውልት፣ የሉሲን አጽም ለጥፈን ቆመናል። ተሰብሳቢዎቹ በጨዋ ደንብ ተመልክተው አለፉ። በኬሶን ሲቲ ከተገናኘናቸው ሰዎች ሁሉ ማን እንደ ሆንን፣ ምን እንደምንበላ፣ መቼ እንደምንጾም ሳትጠይቅ ያወቀች አንዲት ወጥ ሠሪ ብቻ ነበረች። እርሷንም ያስተማራት ኤምባሲ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲም አይደለም፤ በሰው ቤት ወለል ስታጸዳ የኖረች የወሎ ልጅ ናት። እኛ በአርትስ ፋኩልቲ ስለ ባህል ልውውጥ ስንት ገጽ ጽፈን ማርክ ተቀብለናል። የባህሉን ልውውጥ ግን ሁለት የቤት ሠራተኞች በአንድ ጠባብ ክፍል ሲፈጽሙት ኖረዋል።

ስለ እነዚህ ሴቶች በሁለቱም አገር ብዙ ሕግ ወጥቷል። ፊሊፒንስ ሠራተኛን ወደ ውጭ መላክን በመንግሥት ደረጃ ያደራጀችው በ1974 ባወጣችው የሠራተኛ ሕግ ነው። በ1988 ፕሬዚዳንት ኮራዞን አኪኖ እነዚህን ሠራተኞች አዲሶቹ ጀግኖች ብለው ጠርተዋቸዋል። በ2021 መጨረሻም የስደተኛ ሠራተኞች መሥሪያ ቤት በሚኒስቴር ደረጃ እንዲቋቋም ሕግ ታውጇል። ይኸም ሆኖ በ2018 በደል ስለ በዛ ወደ ኩዌት መላኩን ለጥቂት ወራት አግዳ ነበር። በእኛም በኩል በ2013 ወደ ዓረብ አገሮች የሚደረገው የሥራ ጉዞ ታግዶ ከአራት ዓመት በላይ ቆይቷል፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከሳዑዲ ዓረቢያ ከ150 ሺህ በላይ ዜጎች በጥቂት ወራት ውስጥ ተመልሰዋል። በ2016 ደግሞ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ወጥቷል። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ይኸን ሁሉ በቃሉ ያውቀዋል። ነገር ግን አዋጁን ያጠና እንጂ አዋጁ ከሚመለከታቸው ሴቶች ከአንዷ ጋር ቁጭ ብሎ ማዕድ የቆረሰ ተማሪ በመካከላችን ስንት ነው?

ናናይ ባጠራቀሙት ገንዘብ ካሪንደሪያቸውን ከፍተዋል። ሀብታም አልሆኑም፤ ስለ ሩዝ ዋጋ ሲያማርሩ ሰምተናቸዋል። በ1960 የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የሩዝ ምርምር ተቋም በዚያው አገር በሎስ ባኞስ ተቀምጦ ሳለ፣ በ2023 እና በ2024 ከውጭ ሩዝ በማስገባት ፊሊፒንስ ከዓለም አንደኛ ነበረች። ይኸ ጉዳይ በየጋዜጣው የሚጻፍ ነው፤ በናናይ ቤት ግን የሚታወቀው በስኒው ሩዝ ዋጋ ነው። ቢሆንም ቤቱ የራሳቸው ነው፤ በሌላ ሰው ቤት ጓዳ አይደሉም፤ በገዛ ድስታቸው ፊት ቁመው ለሚወዱት እንግዳ ለይተው ያስቀምጣሉ።

በግቢያችን ዙሪያ በየቅያሱ የሽሮ ቤቶች አሉ። ከእነዚህም አንዳንዶቹ ከዓረብ አገር በተመለሱ እኅቶቻችን የተከፈቱ ናቸው። እኛ በምሳ ሰዓት ገብተን፣ ሒሳቡ ተወደደ ብለን ተከራክረን፣ ስማቸውን እንኳ ሳንጠይቅ እንወጣለን። ከእነርሱ መካከል ታጋሎግ የሚሰሙ፣ አዶቦ መሥራት የሚችሉ፣ የማኒላን ሰው ጠባይ በሁለት ሳምንት ስብሰባ ከደረስንበት ከእኛ ይልቅ የሚያውቁ እንደሚኖሩ አንጠራጠርም። ስለዚህ ለማኅበራችን አንድ አሳብ እናቀርባለን። በየወሩ በአዳራሻችን ንግግር እንዲያደርጉ ከሚጋበዙት ታላላቅ ሰዎች መካከል አንድ ቀን ከእነዚህ ሴቶች አንዷ ትጋበዝ። የቀረችበት የሥራ ቀንም ሒሳብ ይከፈላት። ምሳውን ደግሞ፣ ፈቃዷ ከሆነ፣ እርሷ ታዝዝ፤ እኛም ድስቱ ፊት ተሰልፈን በጣታችን እንጠቁማለን።